ቀይ አይታይ

«ተኝታ ነበር አሉ።»

ይህን የምትለው ሒሳብ ያዧ ናት። ሰኞ ዕለት ወሬው «ተኝታ ነበር አሉ» ብቻ ነበር፤ ምንም ያልተጨመረበት፣ ደረቅ። ማክሰኞ፣ ተኝታለች የተባለችው ሴት ጫማዋን አወለቀች። ረቡዕ ሻርፕዋን አጣጥፋ ተንተራሰች። ሐሙስ ጠዋት፣ የውሃ ማፍያው በተቀመጠበት ጠባብ ኮሪደር ውስጥ፣ ሒሳብ ያዧ ሁለት ስልክ ተቀባዮችን ግድግዳ አስደግፋ ስታወራ ሴትዮዋ ማንኮራፋት ጀምራለች።

«እስከ በሩ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ።»

«ማነው ያለው?» አለች አንደኛዋ።

«አሉ ነዋ! እኔ እዚያ ነበርኩ እንዴ?»

ሽቦ ባዶ ኩባያዋን ይዛ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሽቦ ያሏት ሹፌሮቹ ናቸው፤ ቀጭን ስለሆነች፣ ትከሻዋ ላይም የተጠቀለለ ኬብል ስለማይጠፋ። የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉን ኔትወርክ የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ተኝታ ነበር የምትባለው ደግሞ ታላቅ እህቷ። ሒሳብ ያዧ ዞር ስትል አየቻትና ምላሷ ሳይደናቀፍ ወደ ቲማቲም ዋጋ ተሻገረች። ትናንት ከገዛችበት ዛሬ እጥፍ ሆኖ እንደጠበቃት፣ ከእንግዲህ ሰላጣ የሚባለውን ነገር በፎቶ ብቻ እንደሚያዩት ተናገረች። ስልክ ተቀባዮቹ ለቲማቲሙ ከልክ በላይ አዘኑ፤ አንደኛዋ እንዲያውም ከንፈሯን መጠጠች። ሽቦ ውሃዋን ቀዳችና «እንዲህ ያዘናችሁት ለቲማቲሙ ነው ወይስ ለማንኮራፋቱ?» አለች።  መልስ አልጠበቀችም፤ ከጠበቀች እንባዋ እንደሚመጣ ታውቃለች፣ እዚያ ኮሪደር ውስጥ የወረደ እንባ ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት በየጠረጴዛው ይዞራል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓርብ ጠዋት ነው። ዝናቡ መንገዱን ወንዝ ባደረገበት ሰዓት አንድ ሰው ደውሎ «አባቴን አድኑልኝ» አለ። ስልኩን ያነሳችው ታላቅየዋ ነበረች። አድራሻውን ተቀበለች፣ ቅርብ ወዳለው አምቡላንስ ላክሁት ትላለች፣ ወደሚቀጥለው ጥሪ ዞረች። አምቡላንሱ ግን ምንም አልደረሰውም። ከመጀመሪያው ጥሪ አንድ ሰዓት ሊሞላው ሲል ሰውዬው እያለቀሰ መልሶ ደወለ፤ ሌላ ተቀባይ ላከችለት፤ መኪናው ሲደርስ አባትየው ሞተዋል። ቤተሰቡ አቤት አለ። መዝገቡ ቢከፈት ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ተላከ የሚባል ነገር የለም፤ ስልኩ ተነስቷል፣ አድራሻው ተጽፏል፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ ኮሚቴ ተቀምጦ «በቸልተኝነት ጥሪውን ሳታስተላልፍ ቀርታለች» የሚለውን ያጸድቃል ወይም ይሰርዛል። ካጸደቀው መባረሩ ትንሹ ነገር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጭንቅ በጆሮዋ ስትቀበል የኖረች ሴት ሰው አስገደለች ተብላ ልትወጣ ነው።

እህትማማቾቹ የሚኖሩት ከአከራያቸው ቤት ጀርባ፣ በመጋረጃ በተለዩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። አከራይዋ በየዓመቱ ኪራይ ስትጨምር «ቀለም ላስቀባው ብዬ እኮ ነው» ትላለች፤ ግድግዳው እስካሁን የሚያውቀው ቀለም የእርጥበቱን ብቻ ነው። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ታላቅየዋ ለታናሽየዋ እናትም አባትም ሆና አሳድጋታለች፤ ይህንንም አንድ ቀን አፏን ሞልታ አልጠቀሰችባትም። ዓርብ ማታ፣ ነገሩ በተሰማበት ቀን፣ ሽቦ አንዲት ጥያቄ ጠየቀቻት። «እታለም፣ ቁልፉን መጫንሽን እርግጠኛ ነሽ?» ክፋት አልነበረበትም። ዕቃ ተበላሸ ሲሏት መጀመሪያ ሶኬቱ መሰካቱን እንደምትጠይቀው ነው የጠየቀችው። ታላቅየዋ ትክ ብላ አየቻትና ሳህኑን አነሳች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሚነገረው «ዳቦ አለ»፣ «ውሃው መጥቷል»፣ «በሩን ገርበብ አድርጊው» ብቻ ሆነ። ዛሬ ጠዋት ታላቅየዋ ነጭ ሸሚዟን ተኮሰች፤ ጨርሳ አጣጥፋ፣ መልሳ ዘርግታ እንደገና ተኮሰችው። ሽቦ ከመጋረጃው ማዶ ሆና የካውያውን ትንፋሽ ሰማች። «አይዞሽ» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰባት፤ ጃኬቷን ለብሳ ወጣች።

የሰርቨር ክፍሉ ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበር። መስኮት የለውም። መጥረጊያ የሚንጠለጠልበት ምስማር አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ሽቦ ጃኬቷን ትሰቅልበታለች። ሙያውን ያገኘችው ስልክ ጠጋኝ ቤት ሻይ እያመላለሰች፣ የጠጋኙን እጅ ከእጇ በላይ እያወቀች፣ ማታ ማታ ደግሞ ሰው የጣለውን መጽሐፍ እያነበበች ነው። ስትቀጠር «ዲፕሎማሽ የታለ?» ቢሏት «ለግድግዳው ነው ለኔትወርኩ የፈለጋችሁት?» ያለች አፈኛ ናት። ዛሬ ግን ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ አፏም እጇም ቀዘቀዘባት። ሳምንቱን ሙሉ መዝገቡን ላይ ታች ስትል ነበር። አንድ ስህተት፣ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የወደቀ ነገር የሚያሳይ አንድ መስመር የለም። እንዲህ የጸዳ መዝገብ በሕይወቷ አላየችም። አሁን ያጠራጠራት ይኸው ጽዳቱ ነው። ሰው የሚሠራበት ቤት ወለሉ ላይ አንድ ፍርፋሪ ካልተገኘ፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል አንድ ሰው ጠርጎታል።

ዓርብ ምን የተለየ ነገር ነበር? ዝናቡ። ዝናቡ መንገድ ዳር ያለው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ዋናውን መስመር አቋርጦት ነበር፤ ተጠባባቂውን ሞደም የሰካችው ራሷ ናት። ሞደሙ ቀርፋፋ ነው፣ ግን የአምቡላንስ ጥሪ ማለት ጭብጥ የማትሞላ መልእክት ስለሆነች ያልፋል ብላ አልተጨነቀችም። ሌላስ? የጊዜ ሰሌዳውን ስትከፍተው አገኘችው። ጠዋት ጠዋት የተቀረጹት የስልክ ድምፆች በሙሉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይገለበጣሉ። ያን ሁሉ ድምፅ ሰርቨሩ በዚያች ጠባብ ሞደም በኩል ሲገፋ ነበር። 

እውነተኛውን ሰርቨር መንካት አይሆንም፤ ሌላ ሰው በዚህች ደቂቃ አድኑኝ እያለ ይሆናል። ስለዚህ ጠረጴዛው ሥር አቧራ የለበሰውን አሮጌውን ሰርቨር ጎትታ አወጣች፣ ያንኑ ፕሮግራም አስነሳችበት፣ ተጠባባቂውን ሞደም ሰካችበት። ጋራዡ ወርዳ ሞተሩ ከወረደለት አምቡላንስ ላይ ታብሌቱን ነቀለች። መካኒኩ መኪናው ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። «ወዴት ነው የምትወስጂው?» አለ እግሩ። «ላሳክመው ነው» አለችና ሄደች።

ታብሌቱን ባልዲ ገልብጣ እሱ ላይ አስቀመጠችው። የሙከራ ጥሪ ላከች። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ብልጭ አለ፣ ታብሌቱ ጮኸ። ደግማ ላከች፤ አረንጓዴ፣ ጩኸት። ከዚያ የድምፅ ግልበጣውን አስጀመረች፣ ሞደሙ እስኪጨናነቅ ጠበቀች፣ ቁልፉን ተጫነች። አረንጓዴ። ታብሌቱ ዝም። እንደገና ተጫነች። አረንጓዴ። ዝም። ብዙ ጊዜ ተጫነች፤ አንዳንዱ ደረሰ፣ አብዛኛው የውሃ ሽታ ሆነ፣ ስክሪኑ ግን ለሁሉም በአንድ ዓይነት ደስታ አረንጓዴ አበራ። መዝገቡን ከፈተችው። የደረሱት ተጽፈዋል። ያልደረሱት የሉም። ጨርሶ እንዳልተጫኑ፣ ተቀባይዋ እጇን አጣምራ ቁጭ እንዳለች ያህል የሉም።

ወንበሩ ላይ ተደግፋ ኮርኒሱን አየች። ከዚያ ከፕሮግራሙ ሥር ወርዳ፣ ማሽኑ ራሱ ለፕሮግራሙ የሚነግረውን ነገር የምታይበትን መስኮት ከፈተች፤ እዚያ ነበር። ቁልፍ በተጫነች ቁጥር መልእክቷ ወደ መስመሩ የምትወጣው በቀጥታ አይደለም። መጀመሪያ ማሽኑ ውስጥ ባለ የመላኪያ ቋት ውስጥ ተራዋን ትጠብቃለች። መስመሩ ጠቦ ቋቱ ሲሞላ ማሽኑ «ቦታ የለም» ብሎ መልእክቷን ለፕሮግራሙ ይመልስለታል። የደንቡ ከሆነ ፕሮግራሙ መልእክቷን ይዞ፣ ትንሽ ታግሶ፣ ደግሞ መላክ አለበት፤ ባይሆን ባይሆን «አልሄደልኝም» ብሎ መጮህ አለበት። ይህኛው ግን ከነጭራሹ አይሰማም። የተመለሰችለትን መልእክት መሬት ላይ ይጥልና አረንጓዴውን ያበራል። መዝገብ ላይ የሚጽፈው ደግሞ ታብሌቱ «ደርሶኛል» ያለውን ብቻ ነው። «ቦታ የለም፣ ቦታ የለም፣ ቦታ የለም» እያለ መስኮቱ ሲወርድ ሽቦ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እህቷ ተጭናለች። ተጭና፣ አረንጓዴውን አይታ፣ አምና ወደሚቀጥለው ጥሪ ዞራለች።

ሮጣ ልትወጣ ስትል አንድ ነገር ያዛት። የቋቱን ልክ አየችው፤ ማሽኑ ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ቁጥር አይደለም። አንድ ሰው አስፍቶታል። የቀድሞውን ቅንብር ብታይ ከዚያም በፊት አስፍቶታል፣ ከዚያም በፊት። ቋት እያሰፋ የሚኖር ሰው እንደሚሞላ የሚያውቅ ሰው ነው።

ፕሮግራሙን የጻፈው ኢንጂነሩ ክፍል በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ዞሮ ይቀመጣል። ደግ ሰው ነው። ሽቦን ቅጽል ስም ሳያወጣላት በደንብ ሥራ ያስተማራት ቢኖር እሱ ነው። ከምሳ በኋላ ከሚቀመጡት የኮሚቴ አባላትም አንዱ ነው። ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ቋቱን ማን ነው ያሰፋው?»

 መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«እኔ ነኝ።»

«ቢሰፋም እንደሚሞላ አጥተውት ነው?»

«አላጣሁትም። ቋት ማስፋት ሕመም ማስታገሻ ነው፤ አውቃለሁ።»

«ታዲያ 'ቦታ የለም' ሲለው ፕሮግራሙ ለምን አይጮህም?»

ኢንጂነሩ ተነስቶ፣ ክፍት የሚኖረውን በር ዘጋ። «ይጮህ ነበር እኮ፤ ስጽፈው ይጮህ ነበር» አለ። ያልደረሰ መልእክት ግድግዳው ላይ ባለው ትልቁ ስክሪን በቀይ ይበራ ነበር፤ ተቀባይዋ ቀዩን ስታይ ደግማ ትልክ ነበር። ከዚያ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ሊጎበኙ መጡ። ቆመው ስክሪኑን ሲያዩ ቀዩ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ብልጭ ሲል፣ ከመካከላቸው አንዱ «ይኼ ሁሉ ሰው ሞቶ ነው?» ብሎ ቀለደ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። እንግዶቹ እንደወጡ ኢንጂነሩን ጠርቶ «ከነገ ጀምሮ ቀይ አይታይ» አለው። «ቀይ የማይታየው መልእክት ሁሉ ሲደርስ ነው» ብሎት ነበር ኢንጂነሩ። «እሱን በሂደት ታስተካክለዋለህ፤ እስከዚያው አይታይ» አለው ሥራ አስኪያጁ። እስከዚያው የተባለው ቀን እስካሁን አልመጣም።

«ሳምንቱን ሙሉ ያውቁ ነበር ማለት ነው» አለች ሽቦ። «ውሃ ማፍያው አጠገብ ቆመው ታንኮራፋ ነበር ሲሏት፣ እርስዎ ያውቁ ነበር።»

«ጠረጠርኩ እንጂ አላወቅሁም። ለማወቅ ደግሞ…» አለና ታብሌቱን በጣቱ ገፋ አደረገው። «ይኼን ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግሁም።»

ልትሰድበው ቃል ፈለገች።  ፊቱ ላይ ያየችው ግን ሰውዬው ራሱን ከማንም በላይ ሰድቦ የጨረሰ መሆኑን ነው። «ይነሱ» አለችው። «ኮሚቴው ሳይቀመጥ ለሥራ አስኪያጁ እናሳየው። እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ እጫናለሁ።» ኢንጂነሩ ኮቱን ለበሰ፣ ቁልፎቹን ቆለፈ፣ ከፈተ፣ መልሶ ቆለፈ፤ ከዚያ ተከተላት።

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ የመስታወት ነው፤ ከውጭ ሲታይ ሁሉም ነገር የሚታይ ይመስላል። ጸሐፊዋ የኮሚቴው ሻይ ትሪ ላይ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች እየመለሰች ነበር። «ኮሚቴው ቀርቷል» አለቻቸው። «ምነው?» «አያስፈልግም ተባለ። ጠዋት ራሷ መጥታ ፈረመች እኮ።» ሽቦ አልገባትም። «ማን ናት የፈረመችው?» ጸሐፊዋ ብርጭቆውን አስቀመጠችና በሐዘኔታ አየቻት፤ ሐዘኔታዋ የእውነት ነበር። «እህትሽ ናታ፣ የኔ እናት። ነጭ ሸሚዝ ለብሳ መጣች። 'ጥሪውን ሳላስተላልፍ ቀርቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው' ብላ በገዛ እጇ ጽፋ ሄደች።»

ሥራ አስኪያጁ ሰው የማያዳምጥ ሰው አይደለም። ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፣ መሃል ላይ ዓይኑ ምንጣፉ ላይ ወደቀ፣ የቀረውን ሽቦ ጨረሰችለት። በእሱ ኮምፒውተር ወደ አሮጌው ሰርቨር ገብታ ቁልፉን ተጫነች፣ አረንጓዴውን አሳየችው፣ ዝም ያለውን ታብሌት ከፍ አድርጋ ፊቱ ላይ ያዘችለት። ሥራ አስኪያጁ ሳያቋርጣት አየ። ሞኝ አይደለም፤ ገና በመጀመሪያው ዝምታ ሁሉም ነገር ገብቶታል።

«ይኼንን ለሌላ ሰው አሳይታችኋል?» አለ።

«ገና ነን» አለች ሽቦ። «ኮሪደሩ ላይ ላሳየው ነው።»

«ኢንጂነር፣ ቀዩን ዛሬውኑ መልሰው። ያልደረሰውን ደግሞ የሚልክበትንም አበጅ፤ የሚያግዝህ ሰው ካስፈለገህም ንገረኝ።» ከዚያ ወደ ሽቦ ዞረ። ድምፁ ለሰለሰ፤ ሽቦ ከምንም በላይ የምትጠላው ይህን ነው። «አየሽ እህቴ፣ ትልቅ ሥራ ሠርተሻል። ከእንግዲህ ማንም አይጎዳም። የእህትሽን ነገር ግን እኛ አልጀመርነውም፣ ማንም አላስገደዳትም። ወረቀቱ በእጇ ነው የተጻፈው። ለቤተሰቡ ደውለን ነግረናቸዋል፣ እነሱም አቤቱታቸውን ትተዋል። አሁን መልሼ ልደውልና 'እሷ አይደለችም፣ እኛ ሁላችን ነን' ልበል?»

«አዎ።»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ።»

«ልጅ ባልሆን ኖሮማ ቀዩን ሳጠፋልዎት እኖር ነበር» አለችና ተነሳች። ኢንጂነሩ አልተነሳም። በመስታወቱ ስትወጣ መለስ ብላ አየችው፤ አሁንም ምንጣፉን እያየ ነበር፣ ሥራ አስኪያጁም ውሃ እየቀዳለት።

አውቶቡሱ ሰው እስከ አፍ ገደፉ ጠቅጥቆ ነበር የሚሄደው። ታብሌቱን ጃኬቷ ውስጥ ደብቃ ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታደራጅ ሄደች፤ እታለም ተጭነሻል፣ እታለም ልክ ነሽ፣ እታለም ያቺን ወረቀት ፊታቸው ላይ እንቀዳድዳታለን። ከፊቷ የተቀመጡ አሮጊት «ሕፃን ነው እንዴ የያዝሽው? ነይ ተቀመጪ» አሏት። «አይ፣ እናቴ፣ ዕቃ ነው» አለቻቸው።

ታላቅየዋ ነጩን ሸሚዝ አውልቃ እጥበት ይዛ ነበር። ሸሚዙ ሳፋ ውስጥ ተነክሯል፤ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተተኩሶ፣ ለብሳው ግማሽ ቀን ሳይሞላ። ሽቦ አልተቀመጠችም፣ ጫማዋንም አላወለቀች፤ ሳፋው አጠገብ በርከክ ብላ ታብሌቱን አወጣችና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ታላቅየዋ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ አዳመጠች። 

«አረንጓዴ ሆኖ ነበር ማለት ነው» አለች ታላቅየዋ።

«አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ተጭነሻል፣ እታለም። ለምን ፈረምሽ? ምናለ እስከ ምሳ ብትጠብቂኝ?»

«ደከመኝ።» ሸሚዙን ከውሃው አወጣች፣ ጨመቀችው፣ መልሳ ነከረችው። «መጀመሪያ ተኝታ ነበር ሲሉኝ ሳቅሁ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ከዚያ ግን ማታ ማታ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ማየት ጀመርኩ። ቁልፉ ላይ ስታርፍ አያታለሁ። አንዳንዴ ትጫናለች፣ አንዳንዴ አትጫንም። ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ሳያት ሳያት የቱ እውነት፣ የቱ ሕልም እንደሆነ ጠፋብኝ።» ቀና ብላ አየቻት፤ ወቀሳ አልነበረበትም። «አንቺ እንኳ እርግጠኛ ነሽ ወይ አልሽኝ። አንቺ ደግሞ በዕቃ ነገር ተሳስተሽ አታውቂም። አንቺ ከጠረጠርሽ እውነት ነው አልኩ።»

ሽቦ መሬቱ ላይ ዘፍ አለች። ከሳፋው የፈሰሰው ውሃ ሱሪዋን ሲያርሰው አልተሰማትም።

«እንግዲያው ተነሺ» አለች ቆይታ። «እንሂድና ለሟቹ ቤተሰብ እንንገራቸው። እነሱ ሲያውቁ ሥራ አስኪያጁ የት ይገባል?»

«ሄጄ ነው የመጣሁት።»

«የት?»

«እነሱ ቤት። ከፈረምኩ በኋላ እግሬ ወደ ቤት እምቢ አለኝ። ልጅየው ራሱ በሩን ከፈተልኝ። 'እኔ ነኝ' አልኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር።» ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታለቅስ ይመስል እንባዋ መንገዱን አጥቶ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። «አስገባኝ። ውሃ ሰጠኝ። ዓርብ ጠዋት አባቴ ይተኙ ብሎ፣ እረፍት ያድርጉ ብሎ፣ አርፍዶ ነው ለካ የገባባቸው። ቶሎ ብገባ ኖሮ፣ ቶሎ ብደውል ኖሮ እያለ ራሱን ሊበላ ደርሶ ነበር። 'አሁን ግን ጥፋቱ የኔ አለመሆኑን አወቅሁ፤ እግዜር ይስጥሽ፣ መጥተሽ ነፍሴን አሳረፍሽው' አለኝ። እጄን ስሞ ነው የሸኘኝ።» ሸሚዙን ከሳፋው አውጥታ እንደ ሕፃን ክንዷ ላይ አስተኛችው። «አሁን ተመልሼ ሄጄ እኔም አይደለሁም ልበለው? ደጃፉ ላይ ቆመሽ 'ዕቃው ነው፣ ቋቱ ሞልቶ ነው' ትይዋለሽ? ያ ሰው የሚይዘው ሲያጣ መልሶ ራሱን ነው የሚይዘው። ተይው፣ ሆዴ። እኔ ችዬዋለሁ።»

«እኔ ግን አልችለውም!»

«ትችይዋለሽ። ድምፅሽን ቀንሺ፣ አከራያችን ትሰማለች።»

ሸሚዙን አብረው አሰጡት። ታላቅየዋ አንድ ጫፍ፣ ታናሽየዋ አንድ ጫፍ ይዘው አራገፉት፤ ከዓርብ ወዲህ አብረው የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ ነው። ሽቦ ሾርባ ሞቅ አደረገች። ታላቅየዋ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ «ጨው በዝቶበታል» አለች፣ ሽቦም «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሠራው» አለች፣ ታላቅየዋም «ሁልጊዜ ይበዛበታላ» አለች። ከዚያ ጋቢና ብርድ ልብሱን ደርባ ጋደም አለች፤ ማንኪያው ገና ሳይታጠብ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ሹፌሩ ነበር፤ ያን ዓርብ አምቡላንሱን ይዞ ወደ ሟቹ ቤት የሄደው። በማግስቱ ሩቅ ከተማ ድረስ በሽተኛ አድርስ ተብሎ ሄዶ ዛሬ ገና መመለሱ ነው። ፊቱ ላይ የመንገዱ አቧራ አለ። በላስቲክ ከረጢት የታላቅየዋን ኩባያ፣ ሹራቧንና የወንበሯን ትራስ ይዟል፤ «መሳቢያዋን ለሌላ ሰው እየጠረጉላት ነው፣ ሳይጠፋባት ላምጣው ብዬ ነው» አለ። ሽቦ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አለች?»

«ተኝታለች። አሁን ነው የወሰዳት።»

«አትቀስቅሻት።» ከረጢቱን አቀበላትና ሊሄድ ብሎ አልሄደም። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ አዟዟረው። «ሽቦ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ፈረመች አሉኝ። ምን ብላ ነው የፈረመችው?»

«ዘግይቼ ሰውዬው ሞቱ ብላ።»

«ለማን ዘግይታ?» አለ ሹፌሩ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እኮ ነኝ የገባሁት። አልጋቸው ላይ ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እንዲያው ክብር ነው ብዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ላሳርፍላቸው ብል አልታጠፍ አለኝ። እንጨት። አንገታቸውም እንዲሁ። ይኼ የአንድ ሰዓት ነገር አይደለም፤ ስንት ሬሳ አንስቻለሁ። አብራኝ የነበረችው ነርስም አይታ ራሷን ነቀነቀች።»

ሽቦ ከረጢቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? መንገድ ላይ እያለሁ ደወሉልኝ። መልእክቱ ስንት ሰዓት ላይ ደረሰህ አሉ፣ ነገርኳቸው። ስንት ሰዓት ላይ ደረስክ አሉ፣ ነገርኳቸው። አመሰግናለሁ ብለው ዘጉት። ነርሷም 'ስንደርስ ሞተው አገኘናቸው' ብላ ጻፈች፤ ታዲያ ውሸት ነው?» ኮፍያውን መልሶ ደፋ። «ልጅየው ገና ስልኩን ሳያነሳ፣ አባትየው ሞተው አድረዋል።»